መብራት ሲጠፋ የተቀዳ

ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ፤ ሁለቴ ቆጠርኩ።
የጀልባ ሞተር ፈትቼ፣ ገጥሜ ያገኘሁትን፣
ናፍጣ ናፍጣ የሚሸተውን፣
ጠቅልዬ በፌስታል እኪሴ ከተትኩ።
ጊታሬን አዘልኩት እንደ ታመመ ልጅ፤
ከወደቡ ወጥቼ፣ በዘንባባው ሥር፣
እስከ እንየው ሱቅ ደጅ።

እንየው ነጋዴ ነው፣ ግን አፉ አይቸኩልም፤
ሦስት ሳጥን ደረደረ፤ አቧራቸውን እፍ አለ፤ አንዱንም አላሞገሰም።
«ይኼ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው፤ ማይክም ይቀበላል፤
አሥራ አራት ሺህ፤ ላንተ ሲሆን ትንሽ ይቀንሳል።
ይኼኛው ያገለገለ ነው፤ የአንድ ዘፋኝ ነበር፤
ቁልፉ ሲዞር ይንኮሻኮሻል እንጂ የለውም ችግር።
ይኼ ደግሞ ትንሹ፤ የሳሙና ዕቃ ያህላል፤
አንድ ጊታር፣ ሁለት ጆሮ፤ ከዚያ ወዲያ ምን ያሻል?»
«አምፕሊፋየሩስ?» አልኩት።
«ላፕቶፑ ያስመስልልሃል፤ ውሸቱም ያምራል።»

ማይኩን አነሳሁ። ከበደኝ። ደስ አለኝ።
ወደ ከንፈሬ አስጠግቼ «ሀሎ» ማለት ቃጣኝ።
ግን ቤቴ ትዝ አለኝ፤
ሽምብጥ ያለው፣ ሐምሌ ቆርቆሮውን የሚወቅጠው፤
የአከራዬ በር ሌሊቱን ሲጥ የሚለው፤
ከግድግዳው ማዶ ባንቺአምላክ፣
ልጇን እሹሩሩ ስትል እንቅልፌን የምትወስደው።
ማይክ የዋህ ነው፤ ሰው አይመርጥም፤
ዝናቡን ከዜማዬ፣ ልቅሶውን ከክሬ አይለይም።

«ትንሹን ስጠኝ።» ስድስት ሺህ ተኩል።
የተረፈውን ለኬብል ለሄድፎን ሳካፍል፣
«ኬብል ላይ አትቆጥብ» አለኝ፤
«ርካሽ ኬብል ሐሜተኛ ነው፤ ያልተባለውን ይላል።»

የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ፣ ሁለት ፊደሉ የወለቀ፤
ሰካሁት። አረንጓዴዋ መብራት በራች።
ጣቴን ሳላነሳ፣ ክሬ ሳትነካ፣
እምምምምም
አለች።
ኬብል ቀየርኩ፤ እምምም። ወንበሬን አዞርኩ፤ እምምም።
ክሩን በእጄ ስይዘው ዝም፤ ስለቀው፣ እምምም።

እንየው ዘንድ ደወልኩ።
«የመሬት ሽቦ የለህም» አለኝ፤ «ቤቱ መሬት የለውም።»
ሳቅሁ። ተከራይ ነኝ፤
ይኼን ለማወቅ ስልክ መደወል አያስፈልገኝም።

ስድስት ሌሊት ታገልኩት።
በሰባተኛው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እንዳለፈ፣
ጣቴ አራተኛው ክር ላይ እያለ፣
መብራት ጠፋ።
ሰፈሩ ባንድ አፍ «ኧረ!» አለ።
ወፍጮ ቤቱ ዝም፤ የአከራዬ ቴሌቪዥን ዜናውን ዋጠ፤
ላፕቶፑ ግን በባትሪው ቆመ፤ ትንሹ ሳጥን ከሱ ጠጣ፤
ያ እምምምታ፣
ከነጫማው፣ ከነጓዙ፣ ከጆሮዬ ወጣ።

እንዲህ ያለ ዝምታ የማውቀው
ጣና መሃል ሞተር ጠፍቶብኝ ነው፤
ውሃው የጀልባዋን ሆድ በመዳፉ ቸብ ቸብ ሲያደርገው።

ተጫወትኳት። ስም የላትም ገና፤
በአንቺሆዬ ተነስታ ወዴት እንደምትሄድ አላውቅም።
ሁለቴ ሳትኩ፤
ግን ስህተቱ የኔ ነበር፤ የመብራት ኃይል አይደለም።

በማግስቱ ባንቺአምላክ፣ ልብስ እያሰጣች፣
«ማታ በጨለማ ስትቧጥጥ ሰማሁህ፤
አይጥ ገባብህ ወይስ አንተ ነህ?» አለች።
ሄድፎኑን አጠለቅኩላት።
ልጇን እንዳዘለች፣ እርጥብ አንሶላ እንደያዘች፣
ቆመች፤ ቆመች፤
«ይኼ ሁሉ፣» አለች፣ «እዚያ ቡጥጫ ውስጥ ነበር?»
አንሶላው እግሬ ላይ ይንጠባጠባል። እሷ አላየችም።

ዛሬም ማታ ተቀምጫለሁ፤
ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቷል፤ ክሬን ቃኝቻለሁ፤
ሰው ሻማ ገዝቶ የሚፈራውን እኔ እጠብቃለሁ።
መብራቱ ግን እልኸኛ ነው፤
አራት ሰዓት ሆነ፣
ፍንክች አላለም፤ ይበራል።